ለአሮጌ መኪና አዲስ ፍሬን

መኪናን የሚያስኬደው ሞተሩ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ የሚያቆመውን ፍሬን ግን ብዙው ባለመኪና የሚያስታውሰው ቁልቁለት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያለፈ መኪናዎችን በፍቅር በሚይዙ ሰዎች ዘንድ ግን ስለ ፍሬን የሚደረገው ጭውውት ከሞተር ይልቅ ይረዝማል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ከፋብሪካ ሲወጣ ታምቡር ፍሬን የነበረውን መኪና በዲስክ ፍሬን መለወጥ ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ከየትኛው መኪና የተወሰደ ዕቃ ከየትኛው ጋር ይገጥማል? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጥያቄ ከሚነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ በናይሮቢ ከተማ በስተሰሜን፣ ከካሩራ ደን አጠገብ የሚገኘው ጊጊሪ የተባለው ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤትና በ1972 የተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ነው፤ አያሌ ኤምባሲዎችም በዙሪያው ሰፍረዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም መኪናውን ለሌላው ይሸጣል። የኬንያ መንግሥት ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ደነገገ፣ አሮጌ መኪና ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው እዚያው አገር ውስጥ ወዳረጁት፣ ማለት ወደ ሞሪስ ማይነሩ፣ ወደ ላንድ ሮቨሩ፣ ወደ ፔዦ 404 እና ወደ ቮልስዋገኑ ነው። መኪናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ፣ አንደኛው ባለቤት የለወጠውን ዕቃ ሁለተኛው ባለቤት ሳያውቀው ይነዳዋል። ነገሩ ከጨዋታ አልፎ የነፍስ ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጊጊሪ ራሱ ደጋ ነው፤ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከዚያ በሊሙሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተጓዘ ሰው ወዲያው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ይደርሳል። በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ናይቫሻ የሚያወርደው ጥንታዊ መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣልያ የጦር እስረኞች የተሠራ ነው፤ እስረኞቹ በ1942 ያነጿት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ በመንገዱ ዳር ትታያለች። ከእነዚህ እስረኞች ብዙዎቹ የተማረኩት በእኛ አገር ተራሮች ላይ በተደረገው ጦርነት ነው። ተራራን በገደል ዳር ጠርቦ መንገድ የማውጣትን ሥራ የኢጣልያ መሐንዲሶች ቀድሞ በአስመራና በምጽዋ መካከል ያሳዩት ስለ ሆነ፣ የእኛ ሰው ማይ ማሂዩን ቢያይ ነፋሲትንና ጊንዳዕን ሳያስታውስ አያልፍም።

ቁልቁለት ለፍሬን ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አስመራ 2,325 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ርቃ በባሕሩ ጠርዝ ትገኛለች። ክብደቱ ከነተሳፋሪው 900 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና ያን ሁሉ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ አስተዋይ ነጂም ማርሹን ዝቅ አድርጎ ከፊሉን በሞተሩ ያስይዘዋል። የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በአራቱ ጎማዎች ውስጥ ባሉት ጥቂት ኪሎ ብረቶች ላይ ነው። ማርሹን ነጻ አውጥቶ ቤንዚን አተርፋለሁ የሚል ነጂ ሙቀቱን በሙሉ ለፍሬኑ አስረከበ ማለት ነው።

ታምቡር ፍሬን ስሙ እንደሚያመለክተው ከበሮ የመሰለ ክፍት ብረት ነው። በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች አሉ፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ወደ ውጭ ተገፍተው ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ታምቡሩ ሲዞር ፊተኛውን ሸራ ይዞ ወደ ራሱ ስለሚጎትተው፣ የነጂው እግር ከሰጠው ኀይል በላይ ፍሬኑ ራሱ ለራሱ ኀይል ይጨምራል። ጉዳቱ ደግሞ ሙቀቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ መታፈኑ ነው። ብረት ሲግል ይሰፋልና ታምቡሩ ከሸራው እየራቀ ይሄዳል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኀይሉን ያጣል። ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ መኪናው ግን አልቆም የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ወንዝ ተሻግሮ ውሃ የገባበት ታምቡርም እስኪደርቅ ድረስ እንዲሁ ይለግማል።

ዲስክ ፍሬን ግን በግልጽ ነፋስ ላይ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ብረት ነው። ካሊፐር የሚባለው መያዣ ከሁለት ወገን በፓድ እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ያቆመዋል፤ ኢጣልያኖች ካሊፐሩን ፒንዛ፣ ማለት ጉጠት፣ ብለው የሰየሙት በሚገባ ነው። ሙቀቱ ወደ አየር ቶሎ ይበተናል፤ ውሃው በመሽከርከሩ ይረጫል፤ ዲስኩ ቢግልና ቢሰፋም ወደ ፓዱ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ይሁን እንጂ ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ አያግዝም። ነጂው የሚሰጠውን ኀይል ብቻ ነው የሚቀበለው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ዲስክ ካስገባ በኋላ «ፍሬኑ ጠነከረብኝ፣ የቀድሞው ይሻል ነበር» ሲል ይሰማል፤ የሚናገረውም ሐሰት አይደለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስል፣ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቼስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ነበር። ዓለም የተቀበለው ግን በ1953 የደንሎፕ ዲስክ የገጠመለት ጃጓር በፈረንሳይ አገር የለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ካሸነፈ በኋላ ነው፤ በ1955 የወጣው ሲትሮየን ዲኤስም ለብዙ ሕዝብ በሚሸጥ መኪና ላይ ከፊት ዲስክ አድርጎ ታየ። በዚያው በ1953 በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ ውድድር ተጀመረ። በ1964 ያሸነፈው ፎርድ ኮርቲና ጂቲ ከፊት ዲስክ ነበረው። በሚከተለው ዓመት ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ያሸነፈው ግን በአራቱም ጎማ ታምቡር ባለው ቮልቮ ፒቪ 544፣ ያውም ቀድሞ በተወዳደረ አሮጌ መኪና ነው። በጭቃና በአቧራ ውስጥ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጥ ውድድር በታምቡር መሸነፉ፣ በልክ የተሰናዳና በሚገባ የተያዘ አሮጌ ፍሬን የሚናቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ለምሳሌ ያህል፣ በጊጊሪ የሚኖር አንድ ሰው በ1963 የተሠራ ቮልስ አለው እንበል። ቮልስን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ መኪና በሳፋሪ ራሊ መጀመሪያ ዓመታት በተደጋጋሚ ድል ያደረገ ነው፤ በአዲስ አበባም ቢሆን ስንት ዘመን አይቷል፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1974 ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዐይነት ትንሽ መኪና ነበር። የመጨረሻው በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርተዋል። ቁጥሩ ይህን ያህል ስለ በዛ «የቮልስ ዕቃ ለቮልስ ሁሉ ይሆናል» የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዷል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ከነሐሴ 1966 ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ ባወጣው ቮልስ 1500 ላይ ከፊት ዲስክ አድርጎለታል። የጊጊሪው ሰው ከዚህ መኪና ላይ የተፈታ ዲስክና ካሊፐር በርካሽ አገኘ እንበል። ያገኘው ዕቃ እውነተኛ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ጥራቱም አያጠራጥርም፤ ግን ለእሱ መኪና አይሆንም። እስከ 1965 ክረምት ድረስ የተሠራው ቮልስ የፊት ጎማውን የሚያዞረው በፔርኖ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ግን በቴስቲና ነው። ስለዚህ ጎማው የሚሽከረከርበትን አጭር ዘንግ የሚሸከመው ብረት የሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ካሊፐሩን የሚያስሩት ቡሎኖች በ1963ቱ ብረት ላይ መግቢያ የላቸውም። ቸርኬውን የተመለከትን እንደ ሆነ ደግሞ አሮጌው በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በተደረደሩ አምስት ቡሎኖች ይታሰራል፤ ባለዲስኩ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ባሉ አራት ቡሎኖች ነው። የቡሎኑም ውፍረት ከ12 ወደ 14 ሚሊ ሜትር ተለውጧል። ሰውየው የፊቱን ብቻ ቢለውጥ ከፊት ባለአራት፣ ከኋላ ባለአምስት ቸርኬ ይዞ ይቀራል፤ በመለዋወጫነት የያዘው አንድ ጎማም ከሁለት ወገን አንዱን ብቻ ያገለግላል። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ በሌሊት ጎማ የተነፈሰበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የፊቱን አክስል በሙሉ ከኋለኛው ዘመን መኪና ወስዶ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ለባለፔርኖው አክስልና ለባለአምስት ቡሎኑ ቸርኬ ተብሎ የተሰናዳ ሙሉ ስብስብ መግዛት ነው፤ እንዲህ ያለውን ስብስብ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በአውሮፓና በአሜሪካ አሉ። ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም ብረቱን በመበየጃ ቆርጦ መቀጠልንና ቀዳዳን በግምት መብሳትን፣ ይህ ጋዜጣ ለማንም አይመክርም። የፍሬንን ብረት የሚበይድ እጅ የሰውን አጥንት እንደሚጠግን እጅ እርግጠኛ ሊሆን ይገባዋል፤ ብየዳውም በምን ያህል ሙቀት እንደ ተሠራ ከላይ አይታይም። ስብስቡን የገዛውም ሰው ቢሆን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይለካ፤ ካሊፐሩ ከቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እንደማይነካካ፣ አዲሱም ሞዞ ጎማውን ወደ ውጭ ገፍቶ ከመከለያው ጋር እንደማያፋትገው።

በዚህ ሥራ የተጠበበ መካኒክ ከመለኪያው በፊት የመኪናውን የዘር ሐረግ ይጠይቃል። መኪናም እንደ ሰው የሥጋ ዘመድ አለውና። የሞሪስ ማይነር ምሳሌ በጣም ያማረ ነው። ማይነር በ1948 ሲወጣ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነበረው፤ ሥራውም በ1971 ሲያበቃ እንደዚያው ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1971 የወጣው ሞሪስ ማሪና የፊት አካሉን አሠራር የወረሰው ከማይነር ስለ ነበረ፣ ከፊቱም ዲስክ ስላለው፣ የማሪናን ዲስክ ወደ ማይነር ማዛወር በእንግሊዝ አገር የታወቀ ልማድ ሆኗል። ማንም የማያደንቀው ማሪና ብዙ ማይነሮችን ከአደጋ አድኗል ማለት ይቻላል። በእኛ መንገዶች የሚታወቀው ፊያት ሚሌቸንቶም ዘመድ አለው፤ የቀድሞዎቹ በታምቡር ሲሆኑ፣ በ1966 የወጣው 1100 አር ከፊት ዲስክ ይዞ መጣ። በማናቸውም መኪና ቢሆን መጀመሪያ የሚፈለገው የዚያው ቤት ታናሽ ወንድም ነው። ባዕድ ዕቃ የሚታሰበው ዘመድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተንኮለኛው አለመግጠም ግን ገጥሞ የሚታየው ነው። ናይሮቢ የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጃፓን መኪናዎች በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የቆየ የእንግሊዝ መኪና የፍሬን ቱቦ ጫፉ ብዙ ጊዜ በኢንች የተለካ ነው፤ ውፍረቱ የኢንች ሦስት ስምንተኛ፣ ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ አለው። የአውሮፓው በሜትር ልክ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥርሱ በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ነው፤ በኢንች ቢቆጠር 25 ከግማሽ ገደማ ይሆናል። እንግሊዛዊውን ጫፍ በአውሮፓዊው ቀዳዳ ውስጥ ሲያስገቡት ይዞራል፤ ይጠብቃልም፤ ዘይትም ወዲያው ላያንጠባጥብ ይችላል። የያዘው ግን በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ነጂው በድንገት በሙሉ ኀይሉ በረገጠ ቀን ተቀርፎ ይወጣል። እንዲሁም የቱቦው አፍ አቀማመጥ በሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ወደ ውስጥ በእጥፍ የታጠፈ ነው፤ ሁለተኛው እንደ አረፋ የተነፋ ነው። አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ በደኅና አይቀመጥም። ዐዋቂ መካኒክ እነዚህን በዐይን አይለይም፤ የጥርስ መለኪያ ያወጣል፤ ከተጠራጠረም ቱቦውን በሙሉ አዲስ ያሠራል።

ዲስኩና ካሊፐሩ በሚገባ ታሰሩ እንበል፤ ገና ሥራው እኩሌታ ነው። ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋው በማስተሩ ነው፤ ማስተሩም ለታምቡር ተለክቶ የተሠራ ነው። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡሩ ትንሽ ሲሊንደር እጅግ ስለሚሰፋ ብዙ ዘይት ይጠይቃል። ማስተሩ ጠባብ ከሆነ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ይህን ፈርቶ ሰፊ ማስተር ያስገባ ሰው ደግሞ በሌላ ወገን ይቸገራል። ለምሳሌ የማስተሩ ስፋት ከ19 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ 22 ቢያድግ፣ ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመስልም፣ የፒስተኑ ፊት ከመቶ 34 ያህል ይጨምራል፤ ያንኑ ግፊት ለማግኘትም እግር ከመቶ 34 ያህል የበለጠ መጫን ይኖርበታል። ቮልስን የመሰለ ትንሽ አሮጌ መኪና ደግሞ ለእግር አጋዥ የሚሆን የአየር ግፊት መሣሪያ የለውም። ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። በብዙ የታምቡር ማስተሮች መውጫ ላይ ትንሽ ቫልቭ ተቀምጣለች፤ ሥራዋም ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት ማስቀረት ነው። በታምቡር ውስጥ ጠንካራ ሞላዎች ሸራውን ስለሚመልሱት ይህ ግፊት አይጎዳም። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለውም። ቫልቯ ሳትወጣ ከቀረች ፓዱ ዲስኩን ሳይለቅ እየተፋተገ ይሄዳል፤ ሰውየው ሙቀትን ሽሽት የገዛው ፍሬን ገና ከቤቱ ሳይርቅ ይግላል።

ማስተሩ ከተነሣ ዘንድ ስለ ሁለት መሥመር አሠራር ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። የ1963ቱ ቮልስ ያለው አንድ የዘይት መሥመር ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ፋብሪካው ይህን አይቶ በ1967 ባለሁለት መሥመር ማስተር አምጥቷል፤ የፊቱ ቢጠፋ የኋላው ይተርፋል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃው ሰው፣ ከዲስኩ በፊት ይህን ማስተር ቢያስገባ ይሻለዋል። ዲስክ በጊጊሪ ጎረቤቶች ዘንድ ለመታየት ያምራል፤ ባለሁለት መሥመር ማስተር ግን ከወለሉ ሥር ተደብቆ ነፍስ ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል፤ የኋላው ይቀላል። የኋላው ፍሬን ከልኩ በላይ በርትቶ ጎማውን ቀድሞ ቀጥ ካደረገው፣ መኪናው ጀርባውን ወደ ፊት ሊያዞር ይሞክራል፤ ይህም በእርጥብ አስፋልት ላይ አንድ ጊዜ ከጀመረ የሚመልሰው ነጂ ጥቂት ነው። የፊቱ ከቀደመ መኪናው መሪ አይታዘዝም እንጂ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከፊት ዲስክ አስገብቶ ከኋላ ታምቡሩን መተው ጉድለት አይደለም፤ ብዙ ፋብሪካዎችም እንዲሁ አድርገዋል። በአዲስ አበባ በታክሲነት ሕዝብን ያገለገለው ላዳ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የላዳ አባት የሆነው ፊያት 124 በ1966 ሲወጣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው። ሶቪየቶች መኪናውን በአገራቸው መንገድ ፈትነው፣ ጭቃና አሸዋ የኋላውን ፍሬን ቶሎ እንደሚበላው ስላዩ፣ በ1970 ባወጡት ላዳ ላይ የኋላውን ዲስክ አንሥተው ታምቡር አደረጉበት። ከአዲሱ ወደ አሮጌው መመለስ እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። የእጅ ፍሬንም አለ፤ ቮልስን በመሰለ መኪና የእጁ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ታምቡር ነውና፣ የኋላውንም በዲስክ እለውጣለሁ የሚል ሰው የእጅ ፍሬን መያዣ ያለው ካሊፐር ካላገኘ መኪናውን በሊሙሩ ዳገት ላይ በድንጋይ ማስደገፍ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ዕቃ የሚያገኙትና ሥራውን የሚያሠሩት ጊጊሪ ውስጥ አይደለም። የጊጊሪ ሰው ወደ መሀል ከተማ ወርዶ፣ ቀድሞ ግሮጋን ይባል ወደ ነበረው ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ይሄዳል፤ ወይም በኢንዱስትሪው ሰፈር ያሉትን የቶርኖ ቤቶች ይጠይቃል። በአደባባይ የሚሠሩትን የእጅ ባለሙያዎች ኬንያውያን ጁዋ ካሊ፣ ማለት ብርቱ ፀሐይ፣ ይሏቸዋል፤ ጣራ በሌለበት ከፀሐይ በታች ስለሚሠሩ ነው። የሐበሻ መካኒክ ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያጣው ዕቃውን ሳይሆን ቃሉን ነው። ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፔርኖ፣ ቴስቲና የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ኬንያዊው ደግሞ ፍሬንን ብሬኪ ይላል፤ ይኸም ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው። ሁለት አፍሪካውያን በሁለት የአውሮፓ ቋንቋ ቅሪት ስለ አንድ ብረት ይነጋገራሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከስም ይልቅ ቁጥር ይታመናል፤ በዕቃው ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ቁጥርና በሚሊ ሜትር የተወሰደውን ልክ በወረቀት ጽፎ ማሳየት ክርክሩን ሁሉ ያሳጥራል።

ዕቃው ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ስለ ዘይቱ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበትን ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል፤ ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይት በቱቦ ውስጥ ሲፈላ ተን ይሆናል፤ ተን ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ይሰምጣል። አዲስ ዲስክ አስገብቶ አሮጌውን ዘይት የተወ ሰው እንግዲህ ምን እንዳተረፈ እንጃ። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማዕድናዊ ዘይት ከሆነማ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። አየሩን ከቱቦው የማስወጣቱ ሥራም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ቀን ያልወጣች አንዲት አረፋ ሥራውን ሁሉ እንደገና ታስፈታለች። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ መሞከር ነው። አዲስ ፓድ ከአዲስ ዲስክ ጋር የሚላመደው በልኩ እየተረገጠ፣ በመካከሉም እየበረደ ነው፤ ገና ያልተላመደውን ፍሬን ይዞ ወደ ማይ ማሂዩ መውረድ ድፍረት አይባልም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል ወይ? መኪናውን በእሑድ ቀን ከቤቱ እስከ ቪሌጅ ማርኬት ገበያ ድረስ ብቻ ለሚነዳ የጊጊሪ ሰው አያስፈልገውም። ታምቡሩ ቢስተካከል፣ ሸራው ቢታደስ፣ ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ ቢለወጡ ይበቃዋል፤ የመኪናውም ጥንታዊ መልክ ሳይነካ ይቀራል። ቤተ ሰቡን ጭኖ ወደ ናይቫሻ ወይም ወደ ሞምባሳ ለሚጓዝ፣ ወይም በ2003 በተጀመረው የጥንታዊ መኪናዎች ሳፋሪ ዐይነት ውድድር ለሚመኝ ሰው ግን ዲስኩ ይገባዋል፤ ዛሬ ከፊቱ የሚሄደው አዲስ መኪና እሱ ሊያቆም በማይችልበት ርቀት ውስጥ ድንገት ቀጥ ይላልና።

ዲስኩን ያስገባ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናው የፋብሪካ መጽሐፍ ስለ ፍሬኑ እውነቱን እንደማይናገር ይወቅ። ስለዚህ የራሱን ወረቀት ይጻፍ። ዲስኩ ከየትኛው መኪና፣ ካሊፐሩ የማን ሥራ፣ ፓዱ ምን ቁጥር፣ ማስተሩ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ቱቦው በኢንች ወይስ በሜትር፣ ዘይቱ ምን ዐይነትና በየትኛው ቀን እንደ ተለወጠ በግልጽ ያስፍርና ኬንያውያን ሎግቡክ ከሚሉት የባለቤትነት ደብተር ጋር ያኑረው። የተፈቱትንም ታምቡሮች በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያስቀምጥ። የሥራ ዘመኑ አልቆ ከጊጊሪ ሲነሣ መኪናውን የሚገዛው ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓዱ አልቆበት በኪሪንያጋ መንገድ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር፣ በእጁ የሚይዘው ያንን ወረቀት ነው።